«የኔ!» የጠፋበት ሜዳ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የክረምት ካፖርቴን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስገለብጠው ጠጠር ተዘረገፈ። ባለቤቴ ግርማ ከሶፋው ሳይነሳ «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራውን ለቀቅኩ ብለሽ ሜዳውን ቆርሰሽ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠጠሮቹን በመዳፌ ሳገላብጥ ሆዴ ባባና አለቀስኩ። ግርማ ደንግጦ መጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ረድኤት ትዝ ብላኝ ነው።»

የትኛዋ ረድኤት ብሎ አልጠየቀኝም። እኛ ቤት ረድኤት አንድ ናት።

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን እጅ ኳስ እጫወት ነበር። ክንዴ የታወቀ ነበር፤ በረኞች ስሜን ሲሰሙ ያማትባሉ ይባል ነበር፣ ትንሽ የተጋነነ ቢሆንም። ከዚያ የስፖርት መምህርት ሆንኩ። አሜሪካ ስመጣ ግን ክንድሽ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። መጀመሪያ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ባለ የመኪና ማቆሚያ የመንገደኛ ሻንጣ ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ። ቀጥሎ እንግልውድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። የክፍሉ አለቃ በፎጣ አስተጣጠፍ ቀልድ አታውቅም ነበር፤ ዛሬም ፎጣ ሳጥፍ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል። በመጨረሻ አውሮራ በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ማዕከል የሜዳ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሣር ማጨድ፣ በነጭ ዱቄት መስመር ማስመር፣ ቆሻሻ ማውጣት ነው ሥራው። ክፍያውም ያው ነው፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለበዓል ዶሮ የሚያስገዛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስመር ሳሰምር ከልጃገረዶቹ ሜዳ አንድ ኳስ አጥሩን ዘልላ እግሬ ሥር ወደቀች። አንስቼ፣ ሳላስበው፣ እንደ ድሮዬ ወረወርኳት። ኳሷ ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ ከወዲያኛው ጫፍ የቆሙ አንዲት አሮጊት ጓንት ውስጥ ጧ ብላ ገባች። ሴትዮዋ ጓንታቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ኧረ አንቺ ብለው አልተጣሩም። ጉልበታቸውን እያመማቸው ሜዳውን ሙሉ አቋርጠው መጡና አጠገቤ ሲደርሱ በለሆሳስ «ይህን ክንድ የት ደብቀሽው ነበር?» አሉኝ።

ሚስ ሎሬይን ናቸው። ፓርክ ሂል ተወልደው እዚያው ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊት፣ በወጣትነታቸው ሶፍትቦል የተጫወቱ፣ ዕድሜያቸውን የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው በጡረታቸው የልጃገረዶች ቡድን የሚያሠለጥኑ። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ ብሎ አይለይም፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እርስዎ ነበሩ። አለቃዬን አስፈቅደው ረዳታቸው አደረጉኝ። መስመር ማስመሩ አልቀረልኝም፤ የራሴን መስመር ራሴ አሰምርና እዚያው ላይ አሠለጥን ጀመር። ልጆቹ ዘነበች ማለት አቅቷቸው «ኮች ዚ» አሉኝ።

ለማያውቀው፣ ሶፍትቦል የቤዝቦል እኅት ነው። ኳሷ ተለቅ ትላለች፣ ስትመታ ደግሞ እንደ ድንጋይ ናት። ፒቸሯ፣ ማለት ኳስ ወርዋሪዋ፣ ክንዷን ሙሉ ዙር አሽከርክራ ከታች፣ ከዳሌዋ አጠገብ ትለቃታለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ከላይ ወደ ታች የወረወርኩ ሰው፣ ልማዴን ማስተዉ ሚስ ሎሬይንን ከልጆቹ ሁሉ በላይ አስቸገራቸው። የእጄ አንጓ ዳሌዬን ሲነካ ሱሪዬ ላይ ሸፍ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ያ ድምፅ ካልተሰማ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ሚስ ሎሬይን በአንድ ጉልበቴ አስንበርክከው፣ ክንዴን ትቼ በአንጓዬ ብቻ አጥሩ ላይ እንድወረውር አደረጉኝ። ሰኞም ማክሰኞም እንደዚያው። እኔ ስነጫነጭ እሳቸው ጠጠር ይለቅማሉ።

አዎ፣ ጠጠር። ከልምምድ በፊት ቤዞቹ፣ ማለት ሯጮቹ የሚረግጧቸው ማረፊያዎች፣ መሀል ያለውን አፈር እያንዳንዱን ስንዝር እየዞሩ ጠጠር ለቅመው ኪሳቸው ይከቱ ነበር። የምትንከባለል ኳስ ጠጠር ከነካች ነጥራ የልጅ ፊት ላይ ታርፋለች። አንዴ የአንዲት ልጅ ጥርስ ሲሰበር አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልተውም። ልምምዱ ከተጀመረ በኋላም መልቀማቸውን ይቀጥላሉ፣ ጀርባቸውን ለልጆቹ ሰጥተው። ለምን ጀርባዎን ይሰጧቸዋል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሳያቸው ይሮጡልኛል። ስሰማቸው ግን እውነቱን አውቃለሁ።»

ሶፍትቦል የድምፅ ጨዋታ ነው። ጎበዝ ቡድን አፉን አይዘጋም፤ «ሁለት ወጥቷል!»፣ «ወደ አንደኛ!»፣ «አይዞሽ ፒቸር!» እየተባለ ይዋላል። ከሁሉም የሚበልጠው ኳስ ሽቅብ ወጥታ ሁለት ልጆች መሀል ስትወርድ ነው። አንዷ «የኔ!» ብላ መጮህ አለባት፤ ካልጮኸች ወይ ይጋጫሉ ወይ ሁለቱም ይተዋታል። አሜሪካኖቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚሉት። እኔ ግን አንድ ቀን ጨንቆኝ ከመስመር ውጭ ሆኜ በአማርኛ «የኔ በይ! የኔ በይ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። የቡድናችን ግማሹ ሐበሻ ነውና ሳቁ፣ ከዚያ ያዙት። ጄሲካ የምትባለው የሜክሲኮ ልጅ ሳትቀር «የኔ!» እያለች ኳስ ትቀልብ ጀመር። የሌላ ቡድን አሠልጣኞች ምን ማለት ነው ይሉኛል፤ የቡድን ምስጢር ነው እላቸዋለሁ።

ረድኤት የመጣችልን በዚህ መሀል ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሰናይት ቀድማ አሜሪካ ስለገባች ልጅቷን ደሴ ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው፤ አባባ ነው የምትላቸው። ጓሯቸው የኮክ ዛፍ ነበራቸው። ልጅቷ ከፍ ያለውን ፍሬ በድንጋይ እየመታች ታወርድ ነበር፤ ጎረቤት ጣሪያችን ተበሳ ብሎ ሲከስ፣ አያቷ «ጣሪያውን እኔ አድሳለሁ፣ ልጄን ግን ክንዷን አትከልክሏት» ይሏቸው ነበር አለችኝ። እሑድ እሑድ ትደውልላቸዋለች። ያኔ ወደ አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነበር፤ ቁጥሩን ፍቆ፣ ረጅም መስመር ጠብቆ። አያቷ ሶፍትቦል ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ብቻ «ዛሬስ ስንት ኮክ አወረድሽ?» ይሏታል።

ኳሷን የምትቀበልላት ካቸር ማህሌት ነበረች፤ ማሂ ነው የምንላት። እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው። ፒቸርና ካቸር እንደ መንታ ናቸው። ካቸሯ ቁጢጥ ብላ በጣቶቿ ምልክት ትሰጣለች፣ ፒቸሯ ዓይን ዓይኗን ታያለች፣ ይግባባሉ። እነዚህ ሁለቱ ከሜዳ ውጭም አይነጣጠሉም ነበር፤ የአንዷን ጫማ ሌላዋ አድርጋ ትመጣለች።

እንዲህ ያለ ቡድን ነው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞተብን።

በረዶው ቀልጦ ሜዳው ገና መድረቁ ነበር። ሰኞ ዕለት ልምምድ ስንጀምር ልጆቹ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ኳስ ትንከባለላለች፣ ጎንበስ የሚል የለም። ሲወረውሩ እንደ ነገሩ፣ ሲሮጡ እንደ ነገሩ። ረድኤት ብቻ ናት እንደ ወትሮዋ የምትወረውር። ተቆጣሁ። እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ሜዳውን አስዞርኳቸው። ዞሩ፤ ሲመለሱ ያው ናቸው። ረቡዕ ለጎበዝ ፒዛ አለ አልኩ። በፒዛ የማይገዛ የአሜሪካ ልጅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። ስንፍና ገባባቸው፣ በጋ ሲመጣ ሐሳባቸው ኮበለለ እያልኩ ስነጫነጭ፣ ሚስ ሎሬይን ከጠጠራቸው ቀና አሉ።

«ዚ፣ ነይና እዚህ ቁሚ። ጀርባሽን ስጫቸው።»

ሰጠኋቸው።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«ምንም።»

«ሰነፍ ልጆች ዝም አይሉም እኮ። ሰነፍ ልጅማ ወሬው ነው ልምምድ የሚያስፈታው። እነዚህ ግን አያወሩም። አንድ ነገር ይዘዋል።»

እውነታቸውን ነበር። ኳስ ጓንት ስትመታ ይሰማል፣ ወዲያ ማዶ መኪና ይሰማል፣ የልጅ ድምፅ የለም። ማሂን ጠርቼ ምን ሆናችኋል አልኳት። «ነቲንግ፣ ኮች» አለችና ጭምብሏን ፊቷ ላይ ጣለች። ጄሲካን ጠየቅኳት፤ እሷም ጫማዋን ማሰር ጀመረች፣ የታሰረውን ጫማ።

ቅዳሜ ቶርንተን ሄደን ተጫወትን። እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር፤ ረድኤት ብቻዋን ይዛን ማለት ነው። ሁለት የተቃራኒ ልጆች ቤዝ ላይ ቆመዋል፣ አንድ ልጅ ብናስወጣ አለቀ። መቺዋ ኳሷን አሳስታ ሽቅብ ለቀቀቻት። እንዲህ ያለች ቀላል ኳስ የለችም፤ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ በረድኤትና በማሂ መሀል ወረደች። ሁለቱም ሥሯ ደርሰው ቆሙ። ረድኤት ማሂን አየቻት። ማሂ መሬቱን አየች። የኔ የሚል ጠፋ። ኳሷ መሀላቸው ዷ ብላ ወደቀች፣ ሁለቱ ልጆች ሮጠው ገቡ፣ ተሸነፍን።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ጨዋታ ተሸንፌያለሁ፤ የባሰም ውጤት አይቻለሁ። እንደዚያች ኳስ አንጀቴን የቆረጠው ግን የለም። ሁለት ጓደኛሞች በአንዲት ኳስ ግራና ቀኝ፣ ለመናገር የተፈራሩ።

ወደ ቤት ስመልሳቸው ሌሎቹን አውርጄ ረድኤት የመጨረሻዋ ሆነች። አፓርትማቸው በር ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጌ እስክትወርድ ብጠብቅ ቀበቶዋን አልፈታም።

«ኮች ዚ፣ ከዚህ በኋላ አልመጣም። ኲት አደርጋለሁ።»

«በአንድ ሽንፈት?»

«በሽንፈቱ አይደለም። ይጠሉኛል።»

«ማን?»

«ሁሉም። ስመጣ ዝም ይላሉ። ማሂ ራሷ አታየኝም፤ በጣቷ ሳይን ስትሰጠኝ እንኳን መሬት መሬት ነው የምታየው። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ነው? ሽታዬ ነው?» እንባዋ ወረደ። «አባባን ባናግራቸው ይሻለኝ ነበር። ማሚ ካርዱ አልቋል ትላለች፣ ሌላ ቀን ደግሞ መስመሩ ተበላሽቷል ትላለች። እርስዎ ካርድ ይገዙልኛል?»

ይህችን ታህል ነገር መለመን ነበረባት? እገዛልሻለሁ፣ ሰኞ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ኲት የሚባል ነገር እንዳልሰማ አልኳት። ዓይኗን ጠርጋ ወረደች።

ወዲያው ወደ ወይዘሮ ጸዳለ ሱቅ ነዳሁ። ሀቫና ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ የሐበሻ ሱቅ ናት፤ በርበሬም፣ ሽሮም፣ የስልክ ካርድም ትሸጣለች። ወይዘሮ ጸዳለ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

«እትዬ፣ የስልክ ካርድ ይስጡኝ።»

«ዘነብዬ! ካርድ የሚገዛው ግርማ አልነበረም እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም። ከልጆቼ ለአንዷ ነው፣ ለረድኤት፣ የሰናይት ልጅ። አያቷ ናፍቀዋታል።»

ካርዱን የያዘው እጃቸው ባለበት ቀረ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን አዩ። ከዚያ ካርዱን መልሰው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

«እንዳትሰጫት» አሉኝ። «አልሰማሽም እንዴ? አያቷ እኮ አርፈዋል። ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። መርዶ አልተነገራትም።»

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ያን ካርድ ገዝቼ በዚህ በእጄ ልሰጣት ነበር። ደውላ «አባባን ስጡኝ» ብትል፣ ከወዲያ ያነሳው ሰው ምን ይላታል? ብቻዋን፣ ክፍሏ ውስጥ፣ በስልክ።

«ሰው ሁሉ ያውቃል?»

«የኛዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ አባቷም ከመንገድ እስኪመለስ ተብሎ ነው። ለልጆቹም በየቤቱ ተነግሯቸዋል፤ አፋችሁን ዝጉ ተብለዋል።»

የኛዎቹ ማለታቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰዎች ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሰናይትም የማሂ እናትም የወይዘሮ ጸዳለ ማኅበርተኞች ናቸው። ወሬው እኛ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ከቡድኑ ሐበሾች መሀል ከረድኤት ሌላ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ አሠልጣኟ ብቻ ነበርኩ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ልጆች ናቸው። ትልቅ ሰው አንዱን ነገር ደብቆ ስለ ሌላው ሲያወራ ይውላል። ልጅ ግን አንዱን ነገር ደብቂ ሲሏት ሁሉን ነው የምትዘጋው። ያመልጠኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ዝም አሉ፣ ከእነሱ የሰሙት እነ ጄሲካም ጭምር፤ አይዞሽ ፒቸር ማለትም ቀረ፣ የኔ ማለትም ቀረ። ማሂ ደግሞ የጓደኛዋን ዓይን ካየች እንደምትናገር ስላወቀች መሬቱን አየች። እኔ እነዚህን ልጆች ሰነፋችሁ ብዬ ሜዳ ሳስዞር ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ሰናይትን ፍለጋ የምትሠራበት መጦሪያ ሄድኩ። ፈረቃዋ ሊያልቅ ስለነበር መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ አላየችኝም። መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ከፊት ያለውን ኪስ ከፍታ ጥቁር ሻሽ አወጣች፣ አሰረችው፣ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀርቤ መስተዋቱን አንኳኳሁ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ጎኗ ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ትናንት ነው የሰማሁት። አባትሽን ነፍስ ይማር።»

«በየቀኑ እዚህ ነው የማለቅሰው። ቤት ስደርስ ሻሹን ፈትቼ አበባ ያለበትን ሸሚዝ እለብሳለሁ። ልጄ ማሚ ዛሬ አምሮብሻል ትለኛለች።»

አለቀሰች፤ አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ልጅቷ መኪናዬ ውስጥ ያለችኝን ነገርኳት። ይጠሉኛል ማለቷን፣ ሽታዬ ነው ወይ ብላ መጠየቋን፣ ካርድ መለመኗን። ሰናይት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«እኔ እኮ እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ የኔ እኅት። ግን አሁንም ከፍቷታል፤ ያውም ብቻዋን። አያቷን ያጣች ልጅ ናት፤ ጓደኞቿን ደግሞ ሕያው እያሉ እያጣች ነው።»

«አባቷ ፈለቀ ትራክ ላይ ነው፣ ካሊፎርኒያ። ያለ እሱ አልችልም፣ ዘነቡ። ሐሙስ ሌሊት ይገባል።»

«እንግዲያው ዓርብ ጠዋት ይሁን። እኔም እመጣለሁ።»

በመጨረሻ እሺ አለች። ሻሿን ፈትታ አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰችው፤ ቤቷ ሩቅ አልነበረም።

ለሚስ ሎሬይን ስነግራቸው ጠጠር መልቀማቸውን አቆሙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልጅ መደበቅ ጭካኔ መሰላቸው። «ዛሬውኑ ይነገራት፣ እዚሁ፣ እኔ እነግራታለሁ» አሉ። እኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ልጅቷ ስትወድቅ የሚይዟት እጆች በዙሪያዋ ሲኖሩ ነው የሚነገረው ብዬ አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉኝ።

እስከ ዓርብ የነበሩት ልምምዶች ዕድሜዬን ቀነሱት። ረድኤት ሰኞ ካርዱን ስትጠይቀኝ ሱቁ ጨርሷል ብዬ ዋሸኋት። ራሷን ነቀነቀች። ሚስ ሎሬይን አጠገቧ ሄደው፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አብረዋት አጥሩ ላይ በአንጓ መወርወር ጀመሩ። ያ የታመመ ጉልበታቸው ነበር።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ሰናይት በር ላይ ተሰበሰብን። ፈለቀ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ገብቷል። ወይዘሮ ጸዳለ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፍተዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል፤ ማሂ ከእናቷ ጋር መጥታለች። ሚስ ሎሬይን ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ጉልበታቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወጡ።

ረድኤት ከመኝታ ክፍሏ በፒጃማ ወጣች። ሰውን አየች፤ ነጠላውን አየች። እናቷን ጥቁር ለብሳ አየቻት። ማንም አፉን ሳይከፍት «አባባ?» አለች።

ፈለቀ ያዛት። ለቅሶው ቤቱን ሞላው። ሰናይት ሦስት ሳምንት መኪና ውስጥ ያፈነችውን ለቅሶ ልጇን ታቅፋ ለቀቀችው። «አባቴ! አባቴ!» ስትል ጭምር የልጇን ራስ ትዳብስ ነበር። ሚስ ሎሬይን ከጎኔ ቆመው ያያሉ። ገና ፀሐይ ያልወጣበትን መስኮት፣ ቤቱን የሞላውን ሰው፣ ልጅቷን የያዙትን እጆች ሁሉ ያያሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የኔን አባት ሞት በስልክ ነው የነገሩኝ» አሉ። «አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ ቁልፍ በእጄ ይዤ። ከዚያ ልጆቹን ላደርስ ሄድኩ።» እጃቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ረድኤት ቀና ብላ ማሂን በር ጋ አየቻት። ማሂ ግድግዳውን ተደግፋ አልተጠጋችም። ያ ነው የፈራሁት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጓደኛሞቹ አንድ ላይ ካልሆኑ ምን ዋጋ አለው እያልኩ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«የስ» አለች ማሂ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «አይም ሶ ሶሪ። ማሚ እንዳትናገሪ አለችኝ። ካየሁሽ እነግርሻለሁ ብዬ ነው ያላየሁሽ።» ልጅቷ ረጅም አማርኛ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ስለዚህ ነው?» አለች ረድኤት። «አልጠላሽኝም?»

«ኖ! ኖ! እንዴት እጠላሻለሁ?»

በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል የረድኤት ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ። ለሳምንታት የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀች ያህል። እጇን ዘረጋች፤ ማሂ መጥታ ሥሯ ተቀመጠች። እንደ አዲስ ተላቀሱ፤ ይኼኛው ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡድኑ በሙሉ መጣ። ጄሲካ እናቷ የሠራችውን ምግብ በድስት ይዛ፣ ሌሎቹም ነጫጭ ካልሲያቸውን አድርገው ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ረድኤት ስለ ኮኩ ዛፍና ስለ ጎረቤቱ ጣሪያ ስትነግራቸው ሳቁ፤ ወይዘሮ ጸዳለ በለቅሶ ቤት ሳቅ ሲሰሙ ሊቆጡ ብለው ተዉት።

ረድኤት ልምምድ ስትጀምር የጥቁር ጨርቅ ቁራጭ እጅጌዋ ላይ ሰፍታ መጣች። ልጆቹ ለማጽናናት ከብበዋት ነበር፤ እሷ ግን ጓንቷን አጠለቀችና ወደ መወርወሪያዋ ሄደች። ሚስ ሎሬይን ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱና በአገጫቸው ወደ መሬቱ አመለከቱኝ። ገባኝ። ሁለታችንም ጀርባችንን ለልጆቹ ሰጠን፣ ጎንበስ ብለን ጠጠር መልቀም ጀመርን።

መጀመሪያ የረድኤት አንጓ ሱሪዋን ሲነካ ሸፍ አለ። ከዚያ የመቺዋ ዱላ ኳስ መታ፣ ኳሷ ሽቅብ እንደወጣች በድምፁ አወቅኩ። ላለመዞር ጠጠሩን ጨብጬ ያዝኩ።

«የኔ!» አለች ረድኤት።

«ኖ፣ የኔ!» አለች ማሂ።

ሁለቱ ሲጋጩ ሰማሁ፣ ጭምብል ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ኳሷን ማን እንደያዘቻት አላውቅም፤ ዞሬ ማየት አልቻልኩም፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ሚስ ሎሬይን አጠገቤ ደርሰው በለሆሳስ «ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ» አልኳቸው፤ ጠጠሩንም ኪሴ ከተትኩት።